አይንስታይንና ሳያየው የቀረው ብርሃን

አልበርት አይንስታይን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአንጻራዊነት ትምህርቱን ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሌዘር ብርሃን ሲባል ልናስበው ወደድን።

አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን አገር በኡልም ከተማ ተወለደ። በ1900 ዙሪክ ላይ ትምህርቱን ቢፈጽምም የሚቀጥረው ዩኒቨርሲቲ አጥቶ ተንከራተተ፤ በ1902 በበርን የፓተንት መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘ። ስሙን ያስጠሩትን የ1905 ጽሑፎች ያወጣው እዚያው ተቀጥሮ ሳለ ነው።

አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ፣ በ1916፣ በርሊን ሆኖ አንድ ሐሳብ አፈለቀ፤ ኃይል ያዘለች አቶም ተስማሚ ብርሃን ሲያገኛት በዚያው አቅጣጫ መሰሉን ትጨምርለታለች፤ አንዱ ሁለት ይሆናል። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1955 በፕሪንስተን ዐረፈ።

የመጀመሪያው ሌዘር የበራው እሱ ከሞተ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ነው። በ1985 ዶና ስትሪክላንድና ዠራር ሙሩ እጅግ አጭሩን የብርሃን ምት በጊዜ ዘርግተው አሳሱት፤ ከዚያም አጉልተው መልሰው ጨመቁት፤ ማጉያውም ከመሰባበር ዳነ። በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ መሐንዲሶች ይህን ብርቱ ምት በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ለመደጋገም ከማጉያው ሙቀት ጋር ይታገላሉ።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ትምህርታችሁ ምን ይጠቅማል ስንባል እናቀረቅራለን። አይንስታይንም ሐሳቡ በምን ሥራ ላይ እንደሚውል ሳያይ አለፈ፤ ቢሆንም ጽፎት ሄዷል።