የወንዝ ጠጠር የመረመሩት ዓሊም



ስለ ምድር አፈጣጠር ስንማር የምንሰማቸው ስሞች በአብዛኛው የአውሮፓውያን ናቸው። ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው የወንዝ ጠጠርን የመረመሩ አንድ ዓሊም ግን ነበሩን፤ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ።

በ362 ዓመተ ሂጅራ (973 እ.ኤ.አ.) ዛሬ ኡዝቤኪስታን በሚባለው አገር፣ ኸዋሪዝም ተወለዱ። በ1017 ሱልጣን ማሕሙድ አገራቸውን ሲይዝ ወደ ጋዝና ተወሰዱ። እንግዳ ነበሩ ወይስ ምርኮኛ? ለመለየት ያስቸግራል።

እዚያ ሆነው በ1025 የጨረሱት መጽሐፍ ጉዳዩ ቂብላ ነው። ከጋዝና ወደ መካ በትክክል ለመስገድ የሁለቱን ከተሞች ቦታ በስሌት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚሁ መጽሐፍ ግን ከተሞቹ የቆሙበት መሬት ራሱ ድሮ እንዲህ ነበር ወይ ወደሚለው ይሻገራሉ። የዓረቢያ በረሃ ባሕር ነበር ይላሉ። ማስረጃቸው ከጉድጓድ ቁፋሮ የሚወጣው ነው፦ ተደራርቦ የተኛ አፈር፣ አሸዋና ጠጠር፣ ሲሰበር ዛጎል የሚገኝበት ድንጋይ።

ስለ ሕንድ በጻፉት መጽሐፍ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ተራራው አጠገብ፣ ወንዙ በሚጋልብበት፣ ድንጋዩ ትልቅና ድቡልቡል ነው። ውሃው እየሰከነ ሲሄድ ጠጠሩ ያንሳል፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስ አሸዋ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ያ ሰፊ ሜዳ ወንዞች በደለል የሞሉት ባሕር ነበር አሉ። የሲቪል ተማሪዎች ይህን ወዲያው ይረዱታል፤ ውሃ ጉልበቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። ዓባይም በክረምት ደፍርሶ ሲወርድ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ እጅግ ረጅም ዘመን እንደሚጠይቅ ተረድተዋል፤ የዘመኑን ልክ ግን አልወሰኑም። እኛ ከሁሉም የምንወድላቸው ይህንን ነው። ዛሬ አዲስ ግኝት በተሰማ ቁጥር ድሮም እናውቀው ነበር ለማለት የሚቸኩል ብዙ ነው። እሳቸው የሚቸኩሉት ጉድጓዱን ለማየት ነበር።

ከ70 ዓመት በላይ ኖረው ጋዝና ውስጥ አረፉ፤ ረሒመሁላህ። ጨረቃ ላይ፣ ከምድር በማናየው በኩል ጠርዙ አካባቢ፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ጉድጓድ በስማቸው ተሰይሟል። ከሰማይ የመጣ አለት ወድቆበት የተፈጠረ ነው። እዚያ ዝናብም ወንዝም ስለሌለ ጠጠር የሚያድቦለቡል፣ ጉድጓዱንም በደለል የሚሞላ ውሃ የለም።