ምኒልክና ባንካቸው

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ስናወራ ከዐድዋ አናልፍም፤ እኔን ግን የሚቆጨኝ የባንኩ ነገር ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1844 ተወልደው ልጅነታቸውን በመቅደላ ግዞት ያሳለፉት ንጉሥ፣ በ1889 ከነገሡ በኋላ ምስላቸው የተቀረጸበትን ብር ፓሪስ አሠሩ። ገበያው ግን ከማሪያ ትሬዛ አልላቀቅ አለ። በ1905 በእንግሊዞች እጅ የነበረው የግብፅ ናሽናል ባንክ የአቢሲኒያ ባንክን አቋቁሞ ለ50 ዓመት ብቻውን የወረቀት ገንዘብ እንዲያወጣ ፈቀዱለት። ጣሊያንን በጦር የመለሱ ሰው የገንዘቡን ቁልፍ ለባዕድ ሰጡ! በርግጥ በባንክ ሥራ የሠለጠነ ሰው አገር ውስጥ አልነበረም። በ1913 ሲያርፉ ባንኩ አንድም የወረቀት ብር አላወጣም ነበር። ውሉ ሳያልቅ በ1931 ካሳ ከፍለው ባንኩን ለኢትዮጵያ የገዙት ኃይለ ሥላሴ ናቸው።