ከአንኮበር የተነሡት ሠዓሊ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን ስለ ዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ አጭር ታሪክ አቀርብላችኋለሁ። ስማቸውን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የኛ አካባቢ ሰው መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት በ1925 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአንኮበር ነው። አንኮበር ማለት ከይፋት ቆላ በላይ ያለው ብርዳማው ደጋ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ ጣሊያን አገራችንን ወረረ። ስለዚህ የልጅነት ጊዜያቸው የጦርነት ጊዜ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ መንግሥት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ላካቸው። የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። አስተማሪዎቻቸው ግን የሥዕል ችሎታቸውን አዩና አበረታቷቸው። እሳቸውም ምህንድስናውን ትተው ሥዕል መማር ጀመሩ። እስቲ አስቡት! ያኔ አገሪቱ ከጦርነት ወጥታ መሐንዲስ በጣም ያስፈልጋት ነበር። ሥዕል ደግሞ እንደ ሥራ የሚቆጠር አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ለአንድ ወጣት ቀላል አይደለም። በኋላ በለንደን ስሌድ በሚባለው ታዋቂ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን የሥዕል ትርዒታቸውን አሳዩ። ከዚያ ወደ አውሮፓ ሄደው በባለቀለም መስታወት ሥዕል መሥራትን አጠኑ። ይህ ሥዕል በቡርሽ ብቻ አይሠራም። ቀለም ያላቸው የመስታወት ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ ነው የሚሠራው። ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ቀለሙ ቦግ ይላል።

ትልቁ ሥራቸው በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የመስታወት ሥዕል ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው! በሦስት ክፍል ተከፍሎ አፍሪካ ያሳለፈችውን መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

የመስቀል አበባ የሚባለው ሥዕላቸውም በጣም የታወቀ ነው። ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል ደግሞ በጣሊያን አገር ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው ኡፊዚ ሙዚየም ገብቷል። ያ በልጅነታቸው አገራቸውን የወረረው አገር ሥዕላቸውን በክብር አስቀመጠ ማለት ነው።

አፈወርቅ ተክሌ እኔም ሆንኩ የክፍል ጓደኞቼ ሳንወለድ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው አረፉ። ሥዕሎቻቸው ግን እስካሁን አሉ።

አሁን ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የይፋት ሠርግ ላይ ሰው ሲጨፍር ትከሻው፣ ዱላው፣ አቧራው እንዴት እንደሚያምር ሁላችንም እናውቃለን። በትልቅ ሥዕል ተሥሎ ያየው ግን አለ? እኔ አላየሁም። ከመሀላችን ደብተሩ ጀርባ ላይ ሲሥል የሚውል ልጅ ካለ፣ ይህ ሥራ እሱን ወይም እሷን እየጠበቀ ነው። ለሚቀጥለው እትማችን ሥዕላችሁን ለክበባችን አምጡልን፤ እንለጥፈዋለን።