ይድነቃቸው ተሰማ፤ የሜዳውና የጉባዔው ተሟጋች

ልጅ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የይድነቃቸው ተሰማ ስም በሬዲዮ ሲጠራ ትልልቆቹ ዝም በሉ ይሉን ነበር። የጨርቅ ኳስ ስናባርር ለምንውል ልጆች ሰውየው ትልቅ ሹም እንጂ ተጫዋች አይመስሉንም። ዛሬም ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በሹመታቸው ነው። እኔ ግን ከተጫዋችነታቸው መጀመር እመርጣለሁ። ኋላ በየጉባዔው የተሟገቱበት ነገር መነሻው ሜዳው ነውና።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረፀ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ገና በጉርምስናቸው፣ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ተቀላቀሉ። ወዲያው ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው በዘር የከፋፈለው ሠፈሩን ብቻ አልነበረም፤ ኳሱንም ጭምር እንጂ። የአገሬው ልጅ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ሆነ። ከነጻነት በኋላ ግን ጊዮርጊስ ከጣሊያኖች፣ ከአርመኖች፣ ከግሪኮችና ከእንግሊዞች ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ ይገናኝ ጀመር። ይድነቃቸው ለዚሁ አንድ ክለብ 23 ዓመት ተሰለፉ፤ 365 ጨዋታ፣ 318 ግብ! ለብሔራዊ ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ ተጫውተዋል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለመመሥረት ካርቱም ላይ ሲሰባሰቡ አገራችንን ከወከሉት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ልላክ አለች። ሦስቱ አገሮች አሻፈረን አሉ። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስለ እኩልነት ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ባጭሩ የተቆረጠ ጉዳይ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። በነገራችን ላይ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ያለ ጨዋታ ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች።

ብድሩ የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ይድነቃቸው ያሠለጠኑት፣ ሉቻኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድን በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ በጭማሪው ግብፅን 4 ለ 2 ረታ።

ፊፋ ለእ.ኤ.አ. 1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በጅምላ አንድ ቦታ ሲሰጥ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ይድነቃቸውና ጋናውያኑ ከአድማው ግንባር ቀደሞች ነበሩ። አድማው ፍሬ አፍርቶ በቀጣዩ ዋንጫ አህጉሪቱ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደችበት። በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሰረዘ።

የማልስማማበትም አለ። ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በእሳቸው ዘመን አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ከሚጫወቱ ልጆቿ ከሁለት በላይ እንዳታሰልፍ የሚከለክል ደንብ ይሠራ ነበር። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ገበያውን የመምረጥ መብት አለው፤ በዚህ ላይ ሕግ ያጠና ሰው ከእኔ ጋር የሚከራከር አይመስለኝም። ስጋታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። ትንሿን ሳሞኣን ተመልከቱ። በ1991 እ.ኤ.አ. የራግቢ ዓለም ዋንጫ ዌልስን ያሸነፈች አገር ናት፤ ሆኖም ስንቱ የሳሞኣ ልጅ የኒውዚላንድን ማልያ ለብሷል! ደንቡ በ1982 እ.ኤ.አ. ተነሣ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ ገና ፕሬዚዳንት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በተቀላቀለበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በ1988 ዓ.ም. ነው።