ረኔ ለሪሽ፤ ትርታ ያጡ እግሮችን ምስጢር የፈታ ሐኪም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ አጎቴ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ሁለቱም እግሮቻቸው አልታዘዝ አሏቸው፡፡ እግራቸው ገርጥቷል፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ሕመሙ ደግሞ ያስጮኻል፡፡ እኛ ብርድ ነው ብለን በቅባት ስናሽ አረፈድን፡፡ መጀመሪያ የወሰድናቸው የሕክምና ተቋም የነርቭ ነው ብሎ ማስታገሻ ወግቶ መለሰን፡፡ ማምሻውን በሌላ ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ብሽሽታቸውን በጣቱ ዳሰሰና ትርታ አጣ፡፡ ዋናው የደም ቧንቧ እምብርት አካባቢ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ላይ በረጋ ደም ተደፍኖ ነበር፡፡ ጊዜው በማለፉ አጎቴን ማትረፍ አልተቻለም፡፡ የረኔ ለሪሽን ስም የሰማሁት ከዚያ ሐኪም ነው፡፡

ለሪሽ እ.ኤ.አ. በ1879 በፈረንሳይ ሮአን ከተማ ተወለደ፡፡ ሕክምናን በሊዮን ተምሮ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችን ሲያክም ከቆየ በኋላ በ1924 በስትራስቡርግ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፡፡ አሜሪካዊው ማይክል ደቤኪና ፖርቱጋላዊው ዦዋው ሲድ ዶስ ሳንቶስ በእሱ ዘንድ ተምረዋል፡፡

ለሪሽ የታችኛው የዋናው ደም ቧንቧ ክፍል ቀስ በቀስ ሲዘጋ የሚታዩትን ምልክቶች በ1923፣ በኋላም በ1940 በዝርዝር ጻፈ፡፡ ሲራመዱ መቀመጫንና ጭንን ማመም፣ በወንዶች ላይ ስንፈተ ወሲብ፣ የብሽሽት ትርታ መጥፋት፤ ይህ ዛሬም በስሙ ይጠራል፡፡ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰውነት ለደሙ ሌላ መተላለፊያ ያበጃል፡፡ በድንገት ሲዘጋ ግን ፋታ የለም፤ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ የእግር ጡንቻ መሞት ይጀምራል፡፡

ለሪሽ ገና በ1923 ትክክለኛው መፍትሔ የተዘጋውን ቆርጦ በሌላ ቧንቧ መተካት ነው ብሎ ነበር፡፡ ሆኖም በጊዜው የሚቻል አልነበረም፡፡ እሱ የሚያደርገው የተዘጋውን ክፍል ማውጣትና የደም ቧንቧዎችን የሚያጠብቡትን ነርቮች መቁረጥ ነበር፡፡

ሕይወቱ ያለ እንከን አላለፈም፡፡ በጀርመን ወረራ ዘመን የቪሺ መንግሥት ያቋቋመውን የሐኪሞች ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርቷል፤ ይህም ከጦርነቱ በኋላ አስወቅሶታል፡፡

ምኞቱ ሲፈጸም ግን በሕይወት ነበር፡፡ በ1950 ዣክ ኡዶ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የተዘጋውን መንታ መንገድ ከሞተ ሰው በተወሰደ ቧንቧ ተካ፡፡ ለሪሽ በ1955 ካሲ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ አረፈ፡፡ በ1963 ደግሞ አሜሪካዊው ቶማስ ፎጋርቲ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ይፋ አደረገ፡፡

ዛሬ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ ደሙ ይበልጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ወዲያው ይሰጠዋል፡፡ ከዚያም ቱቦው በሁለቱም ብሽሽት ገብቶ፣ ፊኛው ተነፍቶ የረጋው ደም ተጎትቶ ይወጣል፤ ካልሆነ ደሙ በሰው ሠራሽ ቧንቧ ሌላ መንገድ ይሠራለታል፡፡ ደሙ ሲመለስም ከሞተው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ልብን፣ ሌላውም ቆሻሻ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል፡፡

ይህ ሁሉ ግን የሚጀምረው ብሽሽትን በሚዳስስ ጣት ነው፡፡ እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣና ከደነዘዘ ቅባቱን ተዉት፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፡፡ ሐኪሙንም ትርታው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፡፡ እኔ ያን ማለዳ አልጠየቅሁም፡፡