ሮበርት ስሞልስና የትምህርት መብት በደቡብ ካሮላይና ሕገ መንግሥታት

የትምህርት መብት በሕገ መንግሥት መደንገጉ ብቻውን ምን ያህል ዋስትና እንደሚሆን ለመመርመር የአሜሪካዊው ሮበርት ስሞልስ ሕይወት ጥሩ ማሳያ ነው። ስሞልስ የደቡብ ካሮላይና ክፍለ ግዛትን ሁለት ሕገ መንግሥታት ባረቀቁ ጉባኤዎች በአባልነት ተሳትፏል። የመጀመሪያው ትምህርትን ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ ሁለተኛው በዘር ከፍሎታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሞልስ በ1839 በቦፎርት ከተማ በባርነት ከምትገኝ እናት ተወለደ። የክፍለ ግዛቱ የ1834 ሕግ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ያስቀጣ ስለነበር ፊደል ሳይቆጥር አደገ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ወደ ቻርለስተን ተልኮ በኪራይ ሲሠራ፣ የድካሙን ዋጋ በአብዛኛው የሚወስደው ጌታው ነበር። በወደቡም የመርከብ አመራርን ተማረ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ ሜይ 13 ቀን 1862 ሌሊት፣ ነጮቹ መኮንኖች ወደ ከተማ መውረዳቸውን ተጠቅሞ ፕላንተር የተባለችውን የደቡቡን ጦር መርከብ ያዘ። ቤተሰቡንና ጓዶቹን አሳፍሮ በምሽጎቹ ሥር ካለፈ በኋላ መርከቧን ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከበ። ማንበብና መጻፍ የተማረው ከዚህ በኋላ፣ ከጎለመሰ በኋላ ነው።

በ1868 በቻርለስተን በተካሄደው ጉባኤ አብዛኞቹ አባላት ጥቁሮች ነበሩ። ስሞልስ ለሁሉም ልጆች ክፍት የሆነ ሕዝባዊ የትምህርት ሥርዓት እንዲቋቋም የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ነፃ ትምህርትን ደነገገ፤ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችም እንዲማሩ አስገደደ። ይሁን እንጂ ግዴታው የትምህርት ቤቶቹ አደረጃጀት እስኪሟላ ድረስ በሕግ እንዳይወጣ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ቀለም ልዩነት ክፍት እንዲሆኑም አዘዘ።

የድንጋጌው ጥንካሬ የተፈተነው በአፈጻጸም ነበር። መደበኛ ትምህርት ቤቶቹ በተግባር በአመዛኙ እንደተለያዩ ቀሩ። የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ1873 ጥቁር ተማሪዎችን ቢቀበልም፣ የተሃድሶው መንግሥት በወደቀበት በ1877 ተዘጋ፤ በ1880 እንደገና ሲከፈት ለነጮች ብቻ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት አንቀጽ 10 አልተሻረም። የተለወጠው ሕጉን የሚያስፈጽመው ኃይል ነበር።

ስሞልስ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶችና በአሜሪካ ኮንግረስ ካገለገለ በኋላ፣ በ1895 በቤንጃሚን ቲልማን ለተመራው ጉባኤ ተመረጠ። ከ160 አባላት መካከል ጥቁሮቹ 6 ብቻ ነበሩ። አዲሱ ሕገ መንግሥት የነጭና የጥቁር ልጆች በተለያዩ ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ደነገገ፤ የመምረጥ መብትንም ከማንበብና መጻፍ ችሎታ ወይም ከንብረት ጋር አቆራኘ። ትናንት ፊደል እንዳይማር በሕግ የተከለከለ ሕዝብ፣ ዛሬ ፊደል አልቆጠርክም ተብሎ ድምፁን ተነፈገ። ስሞልስ ሰነዱን አልፈርምም አለ።

በ1915 በቦፎርት ሲሞት የመለያየቱ ድንጋጌ እንደጸና ነበር። በዚያው ክፍለ ግዛት ከክላረንደን አውራጃ የተነሣው የብሪግስና ኤሊየት ክርክር ከብራውን ጉዳይ ጋር ተጣምሮ በ1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘ፤ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትም ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጋር የሚቃረን ሆኖ ተገኘ። የስሞልስ ታሪክ እንደሚያመለክተው የትምህርት መብትና የመምረጥ መብት አንዱ ሌላውን ደግፎ የሚቆም ነው፤ ድምፁን የተነጠቀ ሕዝብ በሕግ የተጻፈለትን ትምህርት ቤት ማስከበር አልቻለም።