ጭብጨባው ሲቀዘቅዝ

አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅረት እያየን ላደግን ለእኛ ለጉለሌ ልጆች፣ ባሕር ማለት ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነበር። የማቲው ዌብ ታሪክ ግን ዛሬም ያሳዝነኛል።

እንግሊዛዊው መርከበኛ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1875 ከዶቨር ተነስቶ፣ ከ21 ሰዓት ተኩል በላይ ዋኝቶ ፈረንሳይ፣ ካሌ ደረሰ። ያንን ባሕር ያለ ምንም መንሳፈፊያ በዋና በማቋረጥ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የፈረንሳይ ጠረፍ እየታየው፣ ኃይለኛው ወራጅ ውሃ ለአምስት ሰዓታት ያህል አላስጠጋ ብሎት ነበር።

ጭብጨባው ሲቀዘቅዝ ኑሮ ከበደው። በጁላይ 1883፣ ገንዘብ ፍለጋ፣ ከናያግራ ፏፏቴ በታች ያለውን አዙሪት ሊያቋርጥ ገባ፤ በሕይወት አልወጣም። ገና 35 ዓመቱ ነበር። ሚስትና ሁለት ልጆች ቀሩ።

የሕግ ሰው ነኝና፣ ወዶ የገባበት ነው ብዬ መዝገቡን መዝጋት ይቀለኝ ነበር። ግን ለጀግና አጨብጭቦ መርሳት እኛም ቤት አለ።